የሌሊት ጥቅል

እናትየዋ ለልጇ የስልክ ጥቅል ስትገዛ ከደረሳት መልእክት ግርጌ ያለችውን አጭር መስመር ያነበበቻት ልጅቷ ክሊኒክ አድራ ከወጣች በኋላ ነበር። «ይህ ጥቅል የሚያገለግለው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው» ትላለች። ከሁሉም የረከሰው እሱ ስለ ነበር መረጠችው፤ ለምን እንደ ረከሰ ግን አልጠየቀችም።

ማክሰኞ ዕለት ትምህርት ቤቱ ውኃ ጠፍቶበት ልጆቹን በግማሽ ቀን ለቀቃቸው። አሥር ዓመት የሞላት ልጇ አስም አለባት፤ መድኃኒቷ የቀረው ቤት ነው። መንገድ ላይ ደረቷ ሲይዛት ወደ እናቷ ደወለች። «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» አላት። ደጋግማ ሞከረች። ከንፈሯ ጠቁሮ አጥር ሥር ያገኛት አንድ ጫማ ጠጋኝ ነው፤ ሥራውን ጥሎ አዝሎ ክሊኒክ ያደረሳትም እሱ።

ቅዳሜ ጠዋት እናትየዋ የልጇን ስልክ በመሐረብ ጠቅልላ ልትሸጠው ስትወርድ ደረጃው ላይ ከጎረቤቷ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ወጣቷ ተምራ የስልክ አገልግሎት መሸጫ ውስጥ ትሠራለች።

«እንዴት አደሩ እትዬ? ልጅቷ ተሻላት?»

«ተሻላት፣ እስከሚቀጥለው ድረስ። ይቺን ጉድ ልሸጣት እየወረድኩ ነው።»

«ምን አደረገችዎት?»

«ምን ያላደረገችኝ አለ? ልጄ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ብለው ሲጠሩኝ፣ እኔ ደም አንሷት ነው ብዬ በምርመራ ሳንከራትታት ከረምኩ። ለካ ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ብርድ ልብስ ውስጥ ቪዲዮ ታያለች። በጭንቋ ሰዓት ደግሞ ስልኩ ድዳ ሆነባት። እኛ ያለ ስልክ አይደል እንዴ ያደግነው?»

«እናንተ ስታድጉ መንገዱ ሁሉ ያውቃችሁ ነበር። የእርስዎን ልጅ ከዚህ ሕንፃ ውጭ ማን ያውቃታል?»

እናትየዋን ከነከናት፤ እውነት ነበርና።

«እና ሥራዬን ትቼ ከኋላዋ ልከተል?»

«ይሥሩ እንጂ። ሲገዙላት ግን በስንት ሰዓት ብቻዋን እንደምትሆን አስበው ነበር?»

«ያሰብኩትማ ርካሹን ነው።»

«ለሕፃን መጀመሪያ ሰዓቱ ነው የሚታየው፣ እትዬ። በቀን የሚሠራ፣ ወሩን ሙሉ የሚቆይ ጥቂት የመደወያ ደቂቃ ይግዙላት። ኢንተርኔቱ ይቅርባት፤ ማታ ከእርስዎ ስልክ አጠገብዎ ቁጭ ብላ ታያለች። ደቂቃዋ ቢያልቅ እንኳ ‹ደውሉልኝ› የሚል መልእክት በነፃ ይላካል። ነግረዋታል?»

«እኔስ መቼ አውቄው።»

ወጣቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። ማክሰኞ ዕለት ስልኩ ቢሠራላት ኖሮ ያነሡት ነበር?»

እናትየዋ የደረጃውን መደገፊያ ያዘች። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ነው የምትውለው፤ ስልኳ ከጫማዋ ጋር ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ማሽኖቹ ሲጮኹ ሰው አጠገቧ ቆሞ ቢጠራትም አትሰማም። አራት ቀን ሙሉ ጥቅሉን ስትረግም የሰነበተችው ይህቺን ጥያቄ ሽሽት ነበር።

«አላነሣውም ነበር» አለች።

«እንግዲያው የኃላፊዎ የጠረጴዛ ስልክ ይመዝገብላት። የጫማ ጠጋኙም ቁጥር። የሚያነሣ ሰው ከሌለ የቱም ጥቅል አይረባትም።»

«አንቺ ደግሞ፣ ኃላፊያችንን ሰው አደረግሻት? ደህና አደርሽ ሲሏት አንሶላ ጎደለ ወይ የምትል ሴትዮ ናት።»

«ይጠይቋት። እምቢ ካለችዎት ስልኩን እኔው እገዛዋለሁ።»

ሰኞ ዕለት እናትየዋ የልጇን ሕመም ነግራ፣ ስድብ ጠብቃ ጠየቀች። ኃላፊዋ ቀና ሳትል ቁጥሯን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችላት። «የእኔም ልጅ እንደዚያው ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እናትየዋ ጥቅሉን አስቀየረች። ከልጇ ጋር ተቀምጣ ቁጥሮቹን በተራ አስደወለቻት፤ ያን ነፃ መልእክትም አስላከቻት። ልጅቷ ሌሊት መተኛት ጀመረች፤ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቱም ቀረ። ልጅን ስልክ አሲዞ መላክ ብቻውን ጥበቃ እንዳልሆነ፣ ከዋጋው በፊት የልጁን ውሎ ማጥናት እንደሚገባ እናትየዋ ዘግይታም ቢሆን ገባት። ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም። የምትፈራውም ደረሰ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ኃላፊዋ ራሷ ማሽኑን አጥፍታ ወደ ጠረጴዛው ስልክ ጠራቻት።

«እማ፣ ደረቴን ያዘኝ። መድኃኒቱን ወስጄው አልተወኝም። ጫማ ጠጋኙ ጋ ነኝ።»

እናትየዋ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሮጠች። ክሊኒክ ሲደርሱ ሐኪሙ «በጊዜ መጣችሁ» አላት። ቀጥሎም ሕመሙ ገና ብዙ ዓመት አብሯቸው እንደሚኖር ነገራት።

ሲመሽ ቤት ገቡ። ልጅቷ ሁለት ትራስ ተደግፋ ተኛች፤ ደረቷ አሁንም ሲር ሲር ይላል።

«እማ፣ ደግሜ ብደውል ኃላፊሽ አትቆጣም?»

«ትቆጣ። አንቺ ብቻ ደውዪ።»

ልጅቷ ዓይኗን እስክትከድን እናትየዋ አጠገቧ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ቆለፈች።