ምች ፈርተው የመረጉት መስኮት

የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ፣ ሽታዬ የሰፋችውን ቀሚስ ለአምባ ጊዮርጊስ ደንበኛዋ በሹፌር እጅ ልትልክ ጎንደር መናኸሪያ ወረደች። ምርኩዟን ተደግፋ ማኪናው እስኪሞላ ስትጠብቅ ከኋላዋ የምታውቀው ድምፅ ጠራት።

«ሽታዬ! አንች ነሽ? ተኝታለች ሲሉኝ አልነበር እንዴ?»

«ተኝቼ ነበር፤ ሰለቸኝና ተነሣሁ። ደህና ነዎት አያ ትዕዛዙ?»

አያ ትዕዛዙ የአባቷ ባልንጀራ፣ የወገራ ገበሬ ናቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ፊታቸው ጠቆረ። «የልጄን የማስተዋልን ሰምተሻል? እግሯን ያደነዝዛታል፣ ዓይኗን ያፈዝባታል። ያንችው ነው አሉኝ፤ ስሙ እንኳ ለአፍ የማይመች።»

«መልቲፕል ስክሌሮሲስ።»

«እሱ! ምነው ሳትደናቀፊ ጠራሽው?»

«ሦስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ስሙ ይጥፋኝ? የሰውነታችን ዘበኛ ተሳስቶ የራሳችንን ነርቭ ሲያጠቃ ነው፤ እርግማንም ቡዳም አይደለም።»

ሽታዬ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው በተሰነጠቀ ስልኳ እያነበበች፣ ያልገባትን ሐኪሞቹ እስኪሰለቹ እየጠየቀች ነው። በዚህ አታፍርም፤ ትኮራለች፣ መኩራቷም ያምርባታል።

አያ ትዕዛዙ ቦርሳቸውን ከፍተው ሦስት የፕላስቲክ ጠርሙሶች አሳዩዋት። «ቪታሚን ነው። ይህን ከዋጠች የሆስፒታሉን ትተወው ብሎኛል ሻጩ። ዛሬ መድኃኒቷን የምወስድበት ቀን ነበር፤ ተውሁት።»

ሽታዬ ክው አለች። ለመቆጣት አፏን ከፈተችና ቁጣዋን መልሳ ዋጠችው፤ ሽማግሌ በቁጣ እንደማይመለስ ታውቃለች።

«ማስተዋል የት ነው የምትውል?»

«ጓዳ። ምች እንዳይመታት ባለቤቴ እማዋይሽ መስኮቱን በጭቃ መርጋዋለች።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ምግብስ?»

«ጾም አይደለም እንዴ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆይና ትቀምሳለች። ሕመምተኛ ካልጾመ ማን ይጹም?»

«አያ፣ አይቆጡኝና ልጅዎን ያሰራት በሽታው ብቻ አይደለም። ዲ የሚሉት ቪታሚን በቆዳችን የሚሠራው ከፀሐይ ነው። የእኛ ሕመም ባለባቸው ብዙ ሰዎች ደም ውስጥ አንሶ ይገኛል።»

«በወገራ ፀሐይ ጎደለ ትይኛለሽ?»

«በጭቃ መርጋችሁባት ከየት ትግባ?»

«ምችስ?»

«የቀትሩን እኔም እፈራለሁ። ሙቀት ሲበረታብኝ እግሬ ይከዳኛል፤ እማዋይሽ ያየችው እውነት ነው። ግን ብርዳማው የጠዋት ፀሐይ ምን አደረጋችሁ?»

አያ ትዕዛዙ ሚስታቸው በከፊል ስለተመሰገነች ደስ አላቸው፤ ግን አልተረቱም። «ጾሙንም አስፈቷት በይና ይለይልሽ።»

«እኔ ማን ሆኜ? የንስሐ አባቷን ይጠይቁ። የእኔው ቄስ 'መድኃኒትሽን በባዶ ሆድ አትውጭ፣ በጊዜ ብዪ' ብለውኛል። የጾሙም ምግብ የሚናቅ አይደለም፤ ተልባው፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ አለ። ሲፈታ እንቁላልና የጣና ዓሣ እበላለሁ፤ ጮማና ስኳር ቀንሻለሁ።»

«ታዲያ በሽታውን ነቀለልሽ?»

«አልነቀለም፤ አይነቅልምም። ሰውነቴን አጸናልኝ፣ ድካሙን አቀለለልኝ።»

«ካልነቀለ ምን ይረባል?»

«ገብስዎን ሲያርሙ ውርጩን ያስቀራሉ?»

«የለም።»

«ለምን ያርማሉ ታዲያ?»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። «ምላስሽን ግን አልያዘውም ይህ በሽታ!»

«ሞክሮ አቃተው።»

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አነበበች። «ይህ ዲ ነው፤ ሐኪም ደሟን ለክቶ መጠኑን ይዘዝላት፣ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። በእነዚህ ሁለቱ ግን ምን እንዳለባቸው አልተጻፈም። ስሙን የማይናገር እንግዳ ቤትዎ ያሳድራሉ?»

«አላሳድርም።»

«ልጅዎ ሆድ ውስጥስ?»

ረዳቱ «አምባ ጊዮርጊስ፣ አንድ ሰው!» እያለ ጮኸ። አያ ትዕዛዙ አንድ እግራቸውን ወደ ማኪናው አነሡ።

«አያ!» አለች ሽታዬ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። «እኔም እንዲሁ ያለ ሻጭ አምኜ መድኃኒቴን አራት ወር አቋርጬ ነበር። በግራ ዓይኔ ዛሬም አይቼ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አልችልም። ማስተዋል ሁለት ዓይን አላት፤ ሁለቱም ይቆዩላት።»

አያ ትዕዛዙ እግራቸውን መለሱ። ረዳቱ ተሳደበ፤ አልሰሙትም። «ሆስፒታሉ እስኪዘጋ እንደርሳለን?»

«ባጃጅ ከያዝን እንደርሳለን» አለችና ቀሚሱን ለሹፌሩ አቀበለች።

ባጃጁ ውስጥ ሆነው ለባለቤታቸው ደወሉ። «እማዋይሽ፣ ጭቃውን አፍርሽ! … የቀትሩን አላልሁሽም፣ የጠዋቱን ነው! … ቄሱንም አስጠሪ፣ ልጅቱ በጊዜ ትብላ።»

በሚያዝያ ሽታዬ፣ አያ ትዕዛዙና ማስተዋል ለቀጠሮ ሆስፒታል ተገናኙ። ማስተዋል ፈጽማ አልዳነችም፤ ይህን ማንም እንዳይዋሽባት። ምርኩዟን ይዛ ግን በእግሯ ገባች። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ አባትየውን «ምን ትበላለች? መድኃኒቷንስ ትወስዳለች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አያ ትዕዛዙ ደረታቸውን ነፍተው፣ «እሷን ጠይቃት፤ አፍ አላት» አሉ።

ማስተዋል ቀና አለች። «መድኃኒቴን አንድ ቀን አላጓደልሁም፤ ዲውንም ባዘዛችሁልኝ ልክ ነው የምውጠው። ጠዋት ፀሐይ እሞቃለሁ፣ ለቀትር ጥላ እገባለሁ። ቁርሴን በልቼ ነው የምውል። ከገና ወዲህ አዲስ ሕመም አልተነሣብኝም፤ ድካሙም ቀሎልኝ እንዝርት መልሼ ይዣለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት፤ የደሜ ውጤት ስንት ሆነ? ቁጥሩን ጻፉልኝ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አንሥቶ ጻፈላት።