የጥቁሯ መኪና በር

ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ያን ቅዳሜ ጠዋት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩና፣ በአራተኛው እግሬ ይዞኝ ወጣ። በራፌ ላይ ከጎረቤቴ ከጋሽ መሪ ጋር ተገጣጠምን። ሠፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው አገር መርተው ሳይሆን፣ ሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና መሪ ጨብጠው ስለኖሩ ነው።

ጥቁሯን የቤት መኪናቸውን ፀሐይ ላይ አቁመው፣ የልብስ ሳሙና ዱቄት በነሰነሱበት ጨርቅ በሩን ይፈትጋሉ።

«እንደምን አደሩ ጋሽ መሪ? ዛሬ ምን ተገኘ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ባለቤቴ ከሆስፒታል ትወጣለች፣ መምህር! በስምንት ሰዓት መጥተህ ውሰዳት አሉኝ።» ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ፤ አንሥተው አራገፉትና ቀጠሉ። «ሁልጊዜ ከመግባቷ በፊት በዚህ በር ላይ ራሷን እያየች ነበር ሻሿን የምታስተካክለው። አሁን ይዩት፤ አመድ መስሏል። ባጠብኩት ቁጥር ይብስበታል። ዛሬ ፊቷን ሳታይበትማ አትገባም!»

ይህን ስንነጋገር የእህታቸው ልጅ ከተፍ አለች። ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ቀቢ ናት፤ አክስቷን ለማምጣት አብራ ልትሄድ ነበር የመጣችው።

«ኧረ አጎቴ፣ በሞቴ ያቁሙ! መኪናዋን እየላጧት እኮ ነው!»

«አጠብኳት እንጂ መቼ ላጥኳት? አንቺ ሳትወለጂ መኪና አጥቤአለሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ።»

«ይበሉኝ፤ ግን እርስዎ ፈተጉ እንጂ አላጠቡም። ድስት ይፈተጋል፤ መኪና ይታጠባል።»

«ድስትም ብረት፣ መኪናም ብረት!»

«የሚነኩት ብረቱን መሰለዎት? ከወረቀት የሳሳ ቀለም ነው።»

ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ተኩል። ማንም ዳኛ ያደረገኝ የለም። ልጅቷ ነጭ ሳፋ አምጥታ በንጹሕ ውሃ ሞላችና ጨርቁን ዘፈዘፈችበት። «አሁን እስኪሰክን እንጠብቅ» አለች።

መጠበቅ! መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞርኳት። ስመለስ ሳፋው ውስጥ ከታች ደለል ተኝቷል። ጋሽ መሪ እጃቸውን ሰደው በጣታቸው አሹት። ድምፅ ነበረው።

«አሸዋ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ሁለት ወር ሙሉ፣ በናፈቀችኝ ቁጥር እየወጣሁ አጥብ ነበር። በየቀኑ። እኔው ነኛ ያጠፋሁት?»

አንጀቴን በሉት። ልጅቷም አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ናፍቆቱ ምን አጠፋ፣ አጎቴ? ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፤ አያያዙ ነው። መጀመሪያ ጥላ ሥር እናስገባት።»

«ፀሐዩ ቶሎ ያደርቃት የለ? ሰዓቱ እኮ ደረሰ!»

«ሳሙናውን ሳናለቀልቀው ያደርቀውና እድፍ ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

ይህ ተረት ለእሳቸው የተነገረ ቢሆንም እኔን ነው የወጋኝ። መኪናዋን የግድግዳው ጥላ ሥር ገፋናት። ልጅቷ አስቀድማ አቧራው እንዲወርድ ከጣሪያው ጀምራ ውሃ ለቀቀችባት። ከዚያ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ፦ አንድ ባልዲ ለመኪና ሳሙና፣ አንድ ባልዲ ጨርቁን ለማጥራት፣ ከላይ ወደ ታች። እኔ ጎማ ተሰጠኝ፤ እንደ ልቤ ብፈትግ የማይከፋው እሱ ነውና። ማድረቅ ላይ ጋሽ መሪ እጃቸው አመል ሆኖበት ሊያሽ ሲል፣ ልጅቷ ፎጣውን ዘርግታ በመዳፏ ጫን አድርጋ አሳየቻቸው። በመጨረሻ የጭረት ማጥፊያ ቅባት፣ ከላዩ ስስ ሰም።

«ጥልቁ ጭረት አይለቅም» አለቻቸው። «እንዳይጨመር ግን በእጅዎ ነው።»

ጎንበስ ብለው በሩን አዩ። «ወይ ጉድ፣ እንዲህ አርጅቻለሁ? ከእንግዲህስ በሳምንት አንዴ፣ በጥላ፣ በንጹሕ ጨርቅ! ሠላሳ ዓመት ነድቼ ማጠብን ዛሬ ተማርኩ።»

ቤት መቀመጥ ስለማይሆንልኝ አብሬያቸው ሄድኩ። በመንገድ ላይ ትርፉን አሰላሁት፦ የልጅቷ አስተጣጠብ ውሃ ይቆጥባል፣ ቀለም ያቆያል፣ ጉልበትም ያሳርፋል። አንባቢዬ ሆይ፣ የሚወዱትን ነገር ሁሉ ከመፈተግ በፊት ጨርቁን መመርመር ደግ ነው። እኔም ያን ጠዋት ያረምኳቸውን ወረቀቶች እንደገና ላያቸው ወሰንኩ።

በስምንት ሰዓት ባለቤታቸው በልጅቷ ክንድ ተደግፈው ቀስ እያሉ ወጡ። የመኪናዋ በር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጋሽ መሪ ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣሉ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ሻሻቸውን ፈተው እንደገና አሰሩ።

«ከስቻለሁ» አሉ።

«አንቺ አይደለሽም፤ በሩ ነው» አሉ ጋሽ መሪ። «እኔ ነኝ የቧጨርኩት።»