የሮሃ ጫማ

ፀደንያ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረጃን ስትወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የልጅ ጩኸት አስቆማት። ጎረቤቷ አቶ ገብረዋሕድ በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በሌላው የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሮሃን ይዘው ይጎትታሉ። ልጅቱ ሁሉን ትሰማለች፤ ቃል ግን አይወጣላትም።

«አየሽ ልጄ? ትናንትም ጠበል ልወስዳት ስል ከዚሁ ደረጃ ጮኻ መለሰችኝ። ጠበል የሚፈራ መንፈስ ነው የሰፈረባት! የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ እንኳ አፏ ውስጥ አዙረንላት ምላሷ አልተፈታም።»

የፀደንያ ደም ፈላ። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው መናገር ያቃታቸው ልጆች በሥዕል ሰሌዳ እንዴት እንደሚግባቡ ነው፤ ሰሌዳውም ከቦርሳዋ አይለይም።

«አባባ፣ ጠበሉን አልነካሁም። ግን ምን ሆነሽ ብለው ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«አፍ የሌላትን?»

«በጣቷ ትመልሳለች።»

«ሥዕል ካስለመድሻትማ ምላሷ ጭራሽ ይሰንፋል!»

«ከዘራ ከያዙ ወዲህ እግርዎ ሰነፈ?»

«ምን ሲደረግ! እሱ ባይኖር ይህን ደረጃ መች እወርደው ነበር?»

«የእሷም ከዘራ ይኸው ነው። ሰሌዳ ንግግር አያጠፋም፤ እንዲያውም ቃል የጨመሩ ልጆች አሉ።»

«ያንቺ ምላስስ አልሰነፈም» ብለው አጉረመረሙና ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ፀደንያ ሰሌዳውን ዘርግታ በራሷ ጣት እየጠቆመች አሳየቻት። ሮሃ መጀመሪያ ውሻውን፣ ቀጥላ ዳቦውን ነካች።

«ይኸው! ጨዋታ ነው አላልኩሽም?»

ፀደንያ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ልጅቱ የሚያለቅሰውን ፊት ነካች፤ ከዚያ ጫማውን፤ እንደገና የሚያለቅሰውን ፊት።

ለጠበል ተብሎ የተገዛው አዲስ ጫማ ሲወልቅ፣ ከውስጥ ሚስማር ጫፉን ብቅ አድርጓል። ተረከዟ ቀልቷል። ጩኸቱም አበቃ።

ስንቱ ልጅ ይሆን በጫማው ሚስማር ሰበብ ጋኔን የተለጠፈበት! እነሱ አፍ ቢያጡ ጆሮ ያጣነው እኛ ነን፤ ጥፋታችንን ግን ለሰይጣን ማሸከም ይቀለናል።

አቶ ገብረዋሕድ ተረከዟን በመዳፋቸው ያዙ።

«እኔ እኮ... ትናንትም ዛሬም ሚስማር ላይ አቆምኳት። በዚህ ሰሌዳ ሌላስ ምን ትለናለች?»

«ሐኪም ዘንድ የሚያማትን ታሳያለች። ትምህርት ቤት ጥያቄ ትመልሳለች። ጠበልም ቢወስዷት፣ እሺ ወይም እምቢ ብላ ነው።»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው ጉርድ ፎቶ አወጡ። «እንግዲያው እኔንም ለጥፊኝ። ውሻ ገብቶ አያቷ የሚቀርበት ምን ምክንያት አለ?»

ፎቶው ተለጠፈ። ሮሃ ፈገግ ብላ ጣቷን አያቷ ላይ፣ ቀጥሎም «እንሂድ» የሚለው ሥዕል ላይ አሳረፈች።

«ወዴት፣ እናቴ?» አሏት፤ ከተወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም መልሷን ጠበቁ።