ጫፉ ቀይ የሆነው ቆጣሪ

ሰዓት ሠሪውን ሰፈርተኛው «ዓይናማው» ይላቸዋል። ስልሳ አራት ዓመት ሞልቷቸው፣ እኩዮቻቸው ጋዜጣ ለማንበብ ክንዳቸው እስኪዝል ሲዘረጉ፣ እሳቸው ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ቡሎን ያለ ማጉያ መነጽር ፈተው ይገጥማሉ። በዚህ ኩራታቸው ልክ የለውም። «ይሄ ዓይን የዘር ነው፤ አባቴም እንዲሁ ነበር» ይላሉ። የዘር ለመሆኑስ የዘር ነው። ምን እንደወረሱ ግን አያውቁም ነበር፤ ለነገሩ ማን ነግሯቸው?

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ሆድ ብሷቸው ከጠረጴዛቸው ፊት ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጥታለች። ልጅቱ አሥር ዓመቷ ነው፤ ቁጥብ ስለሆነች ቤተሰቡ «ጭምቷ» ይላታል። መምህሯ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ተማሪዋ ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር ትኮርጃለች። የዚያችኛዋ ስህተት አንድም ሳይቀር በእሷ ደብተር ላይ ይገኛል። ሰኞ ወላጅ ይቅረብ።»

ሰው የወርቅ ሰዓቱን ያለ ደረሰኝ ትቶላቸው የሚሄድ አያት፣ የልጅ ልጃቸው ኮራጅ ስትባል ምን ይሰማቸው? «በቃ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት የለም» አሏት። «ከጎኔ ተቀምጠሽ ሙያ ትለምጃለሽ። እናትሽንም እኔ አሳምናታለሁ።» ጭምቷ አፍንጫዋ የቡሎኑን ትሪ ሊነካ እስኪደርስ አቀርቅራ ትናንሾቹን ከትልልቆቹ ትለይ ጀመር፤ እንባዋም ትሪው ላይ ጠብ ጠብ አለ። አያትየው ይህን አዩ፤ ግን ያሉትን አሉ።

በዚህ መሀል ነው መነጽር ያደረገች አንዲት ወጣት የቆመ የእጅ ሰዓት ይዛ ብቅ ያለችው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰዓቴ ቀጥ ብሎብኝ ነው፤ ሥራ ቦታ እንዳያዋርደኝ ይድረሱልኝ።»

«ባትሪው ነው፤ አሁን ይነሳል» አሉና ክዳኑን ከፈቱት። ሆድ ቢብሳቸውም ደንበኛን መተረብ አይተዉም። «አንቺ ግን በዚህ ዕድሜሽ መነጽር? እኔን አታይም፣ አያትሽ ልሆን እየቻልኩ በባዶ ዓይኔ ስሠራ?»

«አይቻለሁ ጋሼ፤ እንደውም ሥራዬ ሆኖ ልብ ብዬ ነው ያየሁዎት። እዚህ አዲሱ ክሊኒክ ውስጥ ዓይን እመረምራለሁ» አለችና ፈገግ ብላ ወደ ውጭ ዞረች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከፖስታ ቤቱ ግንባር ላይ፣ ትልቁ ሰዓት አለ። ሰዓት ሠሪው በየሳምንቱ መሰላል ወጥተው የሚሞሉት እሱን ነው። «ሁሌ ልጠይቅዎት እያልኩ እረሳዋለሁ። የዚያ ሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ ጫፉ ለምንድን ነው ቀይ የሆነው?»

የሰዓት ሠሪው ወረንጦ ከእጃቸው ወደቀ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዓምና የቆጣሪው ጫፍ ተሰብሮ በቆርቆሮ ቀጥለውት ነበር። ጥቁር ቀለም አልቆባቸው በቀይ ቀቡት፤ «እዚያ ላይ ማን ያየዋል» ብለው። ይህን ለነፍስ አባታቸውም አልተናገሩም።

«ማን ነገረሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማንም። ይኸው አየዋለሁ።»

«ከዚህ ሆነሽ? ልጄ፣ በእኔ አትቀልጅ። ከዚህ ሆኖ ቆጣሪ ያየ ሰው ካለ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ያ ሰዓት ከሩቅ የሚሰማ እንጂ የሚታይ አይደለም። የሚደወለው ለዚያ አይደለም እንዴ?»

ወጣቷ አልሳቀችም። ይልቁንም ነገሩ ገረማትና ወደ ጭምቷ ዞረች። «እስቲ እህቴ፣ አንቺስ ምን ይታይሻል?»

«ነጭ ክብ» አለች ጭምቷ፣ ዓይኖቿን አጥብባ።

«ቆጣሪዎቹስ?»

«ቆጣሪዎቹማ የሚታዩት መሰላል የወጣ ሰው እንደሆነ ነው። አባባ ነው የሚያውቃቸው።»

አንባቢ ሆይ፣ በእነዚህ ሁለት ሰዎች አትፍረድ። ሰው በሌላው ዓይን አይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ለእሱ የጠፋው ለሁሉም የጠፋ ይመስለዋል። አያትና የልጅ ልጅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓለም ከአሥር እርምጃ ወዲያ ጭጋግ ናት ብለው በሰላም ኖረዋል።

ወጣቷ ወፍራም ካርቶንና ቀጭን መርፌ ለመነቻቸው። ካርቶኑን በመርፌ ወጋችና «በዚች ቀዳዳ ይመልከቱ፤ ሌላኛውን ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለች።

«ጥንቆላ ጀመርሽ?»

«ቀዳዳ ናት ጋሼ። መስታወት የለባት፣ መድኃኒት የለባት። ባዶ ቀዳዳ ምን ልታታልልዎት ትችላለች?»

ይህ አነጋገር የእጅ ባለሙያ አነጋገር ስለሆነ ደስ አላቸው። በር ላይ ቆመው ካርቶኑን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። አስተካከሉ። ነጩ ክብ ውስጥ ሁለት ጥቁር ቆጣሪዎች ነበሩ፤ የረጅሙም ጫፍ ቀይ ነበር።

«ወይ ጉድ» አሉ ቀስ ብለው። «ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ?»

ጭምቷ ካርቶኑን ተቀብላ ተመለከተች። «አባባ፣ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አለ።»

«ምን ይላል?»

«እዚህ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው ይላል።»

አያትየው ወንበር ስበው ለወጣቷ ሰጧት፤ የሥራ ሰዓቷንም ሁለቱም ረሱት። «በይ አስረጂኝ» አሉ። «ቀዳዳዋ ምን አደረገች?»

«ዓይን ኳስ ነው ጋሼ። ብርሃን ከፊት ገብቶ ከኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ነው የምናየው። የእርስዎና የእሷ ኳስ ወደ ኋላ ትንሽ ረዝሟል፤ የሩቅ ነገር ብርሃን ግድግዳው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይገናኝና ሲደርስ ይበተናል። ቀዳዳዋ የሚበተነውን ከልክላ ቀጥ ያለውን ብቻ አስገባች። ሰው ሩቅ ለማየት ዓይኑን የሚያጠብበውም ለዚሁ ነው። ማዮፒያ ይባላል፤ ቅርብ እያዩ ሩቅ አለማየት ማለት ነው።»

«ታዲያ ካርቶኑን ይዘን እንዙራ?»

«ብርሃን ይቀንሳል፣ ጎንና ጎንንም ይሸፍናል፤ እሱ ለማሳያ ነው። ትክክለኛው ነገር ተመርምሮ በልክ የተሠራ መነጽር ነው። የሰው መነጽር መዋስም አይሆንም።»

«እኔ ግን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከወጣት እበልጣለሁ።»

«የሚበልጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። በዕድሜ የሁሉም ሰው ዓይን ቅርብ ማየት ይሳነዋል፤ የእርስዎ ኳስ ግን ለቅርብ የተለካ ስለሆነ መነጽር አላስፈለገዎትም። ለሥራዎ ባዶ ዓይንዎን ይያዙ፤ መንገድ ሲወጡ መነጽሩን ያድርጉ።»

ሰዓት ሠሪው እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ «መነጽር ዓይንን ያሰንፋል ሲባል እሰማለሁ» አሉ።

«እርስዎ ሰዓት ሲያስተካክሉ ሰዓቱን አሰነፉት ይባላል?»

«የጎረቤታችን ልጅ ግን መነጽር ካደረገ ወዲህ መስታወቱ በየዓመቱ ይወፍርበታል።»

«የጫማው ቁጥርም በየዓመቱ ይጨምራል። ጫማው ነው እግሩን ያሳደገው?»

አያትየው ከት ብለው ሳቁ፤ ከወረቀቱ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው።

«ልጅ ሲያድግ ዓይኑም ያድጋል» ቀጠለች ወጣቷ፤ «ለዚህ ነው በየዓመቱ መለካት ያለበት። የረዘመውን ማሳጠር አንችልም፤ እንዳይፈጥን ማገዝ ግን ይቻላል። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ደጅ፣ በቀን ብርሃን ትጫወት። ደብተሩን ከፊቷ ታርቀው፤ በየመሀሉም ቀና ብላ ሩቅ ትይ። የሚያዘገዩ ጠብታዎችና ልዩ መነጽሮችም አሉ፤ እሱን ሐኪም አይቶ ያዛል። ለአዋቂ ደግሞ ዓይኑ ላይ የሚለጠፍ ሌንስ አለ፤ ዕድገቱ የቆመ፣ ለሚስማማው ሰው ቀዶ ሕክምናም አለ። አንድ ነገር ብቻ አይርሱ፤ እንደ መብረቅ ብልጭ ቢልብዎት ወይም መጋረጃ የወረደ ቢመስልዎት ለነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ይምጡ።»

ሰዓት ሠሪው ግን ከመሀል ጀምሮ እሷን ትተው ትሪውን እያዩ ነበር። ቀኑን ሙሉ እዚህ አቀርቅራ እንድትውል የፈረዱባት ልጅ አሁንም አፍንጫዋ ቡሎኖቹ ላይ ነው።

«ጭምቷ» አሉ። «ከጎንሽ ካለችው ልጅ ትጽፊያለሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ለምን?»

«እሷ ከሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፤ እኔ ከእሷ። ሰሌዳ ቅርብ ለተቀመጠ መስሎኝ።»

አያትየው የመምህሩን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት፤ አዋቂ ሰው ለልጅ እንዲህ ሲል ጭምቷ ሰምታ አታውቅም። «ሰኞ አብረን እንሄዳለን። መጀመሪያ ክሊኒክ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት።»

እንዳሉትም አደረጉ። መምህሩ የምርመራውን ወረቀት ሲያነብ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱም አላየም ነበር እንጂ። ጭምቷን ከፊት ወንበር አስቀመጣት።

የመነጽሩ ዕለት ሰዓት ሠሪው በራቸው ላይ ቆመው መንገዱን እንደ አዲስ ሰው ቃኙት። ማዶ ያለው ጫማ ሻጭ እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው። ለካ በየጠዋቱ ያነሳ ነበር፤ መልስ እያጣም «ኩሩ ሽማግሌ» ይላቸው ነበር። እሳቸውም ሁለት እጃቸውን አነሱለት። ሰውየው ደንግጦ ተሻግሮ መጣ።

«ምን ነካዎት፣ ዓይናማው መነጽር አደረጉ? ዓይን ያበላሻል እኮ።»

«ተቀመጥ» አሉት፤ ካርቶኗንም ከመሳቢያ አወጡ። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ። መነጽር ካደረግሁ ወዲህ መኪናው ሳይደርስብኝ አየዋለሁ፣ ማታ ማታ የሚጠዘጥዘኝ ግንባሬ ተሽሎኛል፣ ሰላም ያለኝን ሰው ሰላም እላለሁ። መሰላሉንም ወጥቼ የቆጣሪውን ጫፍ ጥቁር ቀብቼዋለሁ። ደግሞ ይህን እይልኝ።»

የጭምቷን የሒሳብ ደብተር ገለጡለት። ከአሥር ሰባት አግኝታለች፤ በሦስቱ ላይ የመምህሩ ቀይ ኤክስ አለ።

ጫማ ሻጩ አንገቱን ነቀነቀ። «ሦስት ስታለች እኮ።»

«አዎ፣ ስታለች» አሉ ሰዓት ሠሪው፤ ደብተሩን ራቅ አድርገው በኩራት ያዩታል። «ከጎኗ ያለችዋን ልጅ ደብተር ጠይቄ አይቻለሁ። እነዚህ ሦስቱ እዚያ የሉም። የራሷ ናቸው።»