ለጋሽ ኢስሃቅ የተላጨችው ጉብታ

ጋሽ ኢስሃቅ እዚህ ሐይቅ ከተማ ካምፕ የገቡ ዕለት የሐይቅ ውሃ ሊያያቸው ከቦታው ተነሥቶ ነበር።

እሺ፣ ሙላት፣ አትሳቅ። ግማሹን ልመልስ። ውሃው አልተነሣም። የተነሣው የያኔው ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ እሱም ሊያያቸው ሳይሆን ሊያመልጥ። ዘመኑ 1984 ዓ.ም. ነው። እኔ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ፤ አካፋ ተደግፌ ቆሜአለሁ። አንድ ገልባጭ መኪና አቧራውን እየጎተተ ገባ፣ ዞረ፣ ወደ ኋላ ተጠጋ፣ ከዚያ ሙሉውን ጭነት ጠጠር የሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ዘረገፈው። ሰውየው ውስጥ ነው! በመስኮት ዘሎ ወጣና ክራቫቱ እንደተጣመመ፣ “አንተ ምን ዓይነት ሾፌር ነህ?” ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ኢስሃቅ ከጋቢናው ቁልቁል አይተውት፣ “ጠጠር አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። የት እንደሚራገፍ የሚነግረኝ ሰው ብፈልግ ወላሂ አንድ ነፍስ ግቢው ውስጥ የለም” አሉት።

ያንን ጠጠር እስኪመሽ በአካፋ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በሃያ ሦስት ዓመት አንድ አካፋ እንኳ ያለቦታው አራግፈው አያውቁም። ይህን ስናገር ወገቤ ምስክር ነው።

እንግዶች ስላላችሁ ራሴን ላስተዋውቅ። አራጋው እባላለሁ። አካፋውን ካስቀመጥኩ በኋላ የዚህ የመንገድ ጥገና ካምፕ በር ጠባቂ ሆኛለሁ። ይህን የሽኝት ንግግር በእጄ የጻፍኩት፣ በዓይኔም የማነበው እኔው ነኝ። አምና ይህን ጊዜ የምፈርመው በጣቴ ነበር፤ ዛሬ አሥራ አንድ ገጽ ይዤ ቆሜአለሁ። የማታ ትምህርት የምታስተምረኝ መምህርት ሠርክአዲስ እዚያ ተቀምጣለች። “አራጋው፣ ፊደልህ ትልልቅ ነው፤ በሌላ ሰው ጽሕፈት ይኼ ሦስት ገጽ አይሞላም” ብላኛለች። ቢሆንም አሥራ አንድ ነው።

የጋሽ ኢስሃቅን ጠባይ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ገልባጯን አንዴ ሳይዞሯት፣ ጎማዎቿንም በእግራቸው ነካ እያደረጉ “ደህና አደርሽ?” ሳይሉ አይነሡም። ስድስት ጎማ፣ ስድስት ሰላምታ። አንድ ቀን በሩን ከፍቼ፣ “ጋሼ፣ እኔንስ ማን ደህና አደርክ ይበለኝ?” አልኳቸው። “አንተ መቼም አየር ጎድሎህ አያውቅም” አሉኝና ነድተው ሄዱ። ደግሞ ጫማውን ሳያራግፍ ጋቢና የገባ ሰው የለም። እኛ እኮ የመንገድ ሠራተኞች ነን! ሥራችን ጭቃ ነው! ሙላት እንኳ፣ ግሬደር የሚያህል ነገር የሚነዳው ሰውዬ፣ ቦት ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በካልሲው ሲሳፈር በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። ሁላችሁም ከንግግሬ ይልቅ በመስኮት እሷን እያያችሁ እንደሆነ አውቄባችኋለሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። ጋሽ ኢስሃቅ ገና ልብ ሳይገዙ፣ በደሴና በወልድያ መሐል መንገድ ዳር ድንጋይ ሲፈልጡ፣ አንዲት ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ውሃ ጨርሳ እየጨሰች አጠገባቸው ቆመች። በጀሪካን ውሃ አመጡላት። ባለቤቱም ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ መሪው ጋ እንዲቀመጡ ፈቀደላቸው። “ቶሎ እንዳይበርድ ዱዓ አደረግሁ” ይላሉ እሳቸው። በረደና ወረዱ። ልባቸው ግን እዚያው ወንበር ላይ ቀረ።

እንግዲህ ጡረታው ሲቃረብ እንዲያ ያለች መኪና ልግዛ ብለው ለባለቤታቸው ለእትዬ ፈዲላ ነገሯቸው። እትዬ ፈዲላ ምን አሉ? እዚሁ ስላሉ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

“አንተ ሰውዬ፣ እኩዮችህ ከዘራ ይመርጣሉ፣ አንተ መኪና ትመርጣለህ? እሱም ባለሁለት በር! ሰው የት ሊቀመጥ?”

“ገልባጯ ስንት በር አላት?”

“ሁለት።”

“ታዲያ ዕድሜዬን በሙሉ ሁለት በር ስነዳ ዝም ብለሽ ዛሬ ምን ተገኘ?”

እትዬ ፈዲላ በነገር የሚረቱ ሰው አይደሉም። “እሺ፤ የሽኝትህ ቀን በራስህ መኪና በካምፑ በር ትገባለህ። ካልገባህ ግን መንጃ ፈቃድህን ለእኔ ታስረክባለህ፤ ሣጥኔ ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ከዚያ ወዲያ የመኪና ነገር ብታነሣብኝ አልሰማህም” አሉ። ጋሽ ኢስሃቅ ተስማሙ። እሳቸው ደግሞ አንዴ ከአፋቸው የወጣን ነገር አይመልሱም። መንጃ ፈቃድ ለሾፌር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

የቀረው ጊዜ አንድ ወር ነበር።

አማካሪ አድርገው የመረጡት እኔን ነው። ለምን እኔን? አገር ያውቃል። መጀመሪያ የላኩኝ የራሳችን በር ላይ ያለችውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንድለካ ነው። ቤታቸው ከካምፑ ጀርባ ስለሆነ በየቀኑ የሚያልፉት በእሷ ላይ ነው። ሜትሩን ዘረጋሁ፣ አነበብኩ፤ አሥራ አምስት ሴንቲ። የመኪና ሆድ ጉብታዋን ይነካ እንደሆነ መሞከሪያ እንድትሆን በዚያው ልክ ከባሕር ዛፍ ስንዝር የማትሞላ ቁራጭ ቆረጥኩ። የለካሁ እኔ፣ ያነበብኩ እኔ፣ የቆረጥኩ እኔ። ጋሽ ኢስሃቅም ቁራጯን ኮት ኪሳቸው ከተው፣ “ይኸው ከዘራዬ፤ ፈዲላ ትየው” አሉ።

ደሴ ሄድን። ደላላው ሁለታችንን ከላይ እስከ ታች አየና፣ “ፋዘር፣ ይቺ እኮ የወጣት መኪና ናት። ለእርስዎ የምትመች ከፍ ያለች ላሳይዎት?” አላቸው።

“የምትመቸኝን ጉልበቴ ይነግረኛል” ብለው ቀይዋ መኪና ውስጥ ገቡ። ወጡ። ገቡ። ወጡ። ሰባት ጊዜ! በቀን አምስት ጊዜ ሰግደው የሚነሡ ሰው ናቸውና ጉልበታቸው ችግር የለበትም። የቀይዋ ወንበር ግን ጉድጓድ ነው። በሰባተኛው ላይ ደላላው እጁን ዘረጋላቸው። እጁን እያዩ፣ “በሰው እጅ የምወጣባት መኪና የእኔ አይደለችም” አሉና የበሩን ጠርዝ ይዘው በራሳቸው ወጡ። ቀይዋ ቀረች።

ሁለተኛዋ ነጭ ነበረች። ወንበሯ ጥሩ ነው። ግን የጋሽ ኢስሃቅ አንገት እንደ ድሮው ወደ ኋላ አይዞርም። ስለዚህ እኔን ከኋላዋ አቆሙኝና በመስተዋት ይፈልጉኝ ጀመር።

“አራጋው፣ አለህ?”

“አለሁ ጋሼ!”

“ወዴት ነህ?”

“እዚሁ ከኋላ!”

“አትታየኝም። ወደ ቀኝ ሂድ። አሁንም የለህም። አንተን የሚያህል ሰውዬ የደበቀች መኪና ሕፃን ልጅ ብትደብቅስ?” ነጯም ቀረች። ደላላው ከቁራጯ ጋር የተዋወቀው ያኔ ነው። መሬት ላይ አቁመው ከመኪኖቹ ሆድ ሥር ሲያሳልፏት ጎንበስ ብሎ፣ “ፋዘር፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?” አላቸው።

“ሐይቅ ነው” አሉት።

ሽኝቱ ሳምንት ሲቀረው ኮምቦልቻ ላይ ይቺ ውጭ የምታዩዋት አመድማ ባለሁለት በር ማርቸዲስ ተገኘች። ባለቤቷ አቶ በዕውቀቱ የሚባሉ ጡረተኛ ፋርማሲስት ናቸው፤ ቆዳ ወንበሯን እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ይዘውታል። ጋሽ ኢስሃቅ ሰባት ጊዜ ገብተው ሰባት ጊዜ ወጡ፤ እጅ የዘረጋ የለም። ከኋላ አቆሙኝ፤ “ጥርስህ ሳይቀር ይታየኛል” አሉ። የካሴት ማጫወቻ አላት። አቶ በዕውቀቱ፣ “ይኼን አውልቀው አዲስ ያስገጥሙ” ሲሏቸው፣ “በሞቴ እንዳይነካ!” ብለው የአምባሰል ካሴታቸውን ከተቱበት። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። “እስከ ዛሬ አምባሰልን የሰማሁት ግማሹን ነው፤ ግማሹን ገልባጯ ስትዘፍንብኝ ኖራለች” አሉ።

ከዚያ ቁራጯን አወጡ።

ከፊት ሲያስገቧት ገባች። መሐል ላይ ስትደርስ ግጭ አለች። ግማሽ ጣት አትሞላም፣ ግን አላለፈችም። እንደገና ሞከሩ፤ ግጭ። ተነሡ፣ አቧራውን ከጉልበታቸው አራገፉ፣ ቁልፉንም በሁለት እጃቸው ለአቶ በዕውቀቱ መለሱ። “መኪናዎ ማሻ አላህ የምታምር ናት። ያልሆነው የእኔ መንገድ ነው” አሏቸው። ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ ሚኒባሱ ውስጥ ቁራጯን በእጃቸው እያገላበጡ መጡ።

ቤት ገብተው መንጃ ፈቃዳቸውን ለእትዬ ፈዲላ ዘረጉላቸው። እትዬ ፈዲላ አልተቀበሉም። “ቀኑ አልደረሰም” አሉና ፊታቸውን አዞሩ። እትዬ፣ እንባዎን አይቻለሁ፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው እንዳይሉኝ፣ ሽንኩርት አልነበረም።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ኢስሃቅ በሩ ላይ ጠሩን። “ጉብታዋ አብጣለች። ስንሠራት አብዝተንባታል፤ መላጨት አለባት” አሉ።

ሙላት፣ “ጋሼ፣ ያኔ ‘ጨምር፣ ጨምር’ ሲሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?” አላቸው።

“እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጽሑፍ መግለጽ ለእኔ እንኳ ይከብደኛል። ሃያ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ቅዳሜ! ያለ ትርፍ ሰዓት! ሙላት ለሁለት ጣት አፈር ግሬደሩን ሊያስነሣ ሲሮጥ በግድ ነው የመለስነው። ሌላው ሰው መኪናውን ለመንገዱ ይመርጣል። እኛ የመንገድ ጥገና ሰዎች ነን፤ መንገዱን ለመኪናው አስተካከልነዋ! ሰኞ ዕለት መኪናዋ ተገዛች። ዛሬ ረፋዱ ላይም ሁላችሁም አይታችኋል። እኔ በአንድ በኩል በሆዴ ተኝቼ፣ ሙላት በሌላው በኩል፣ አመድማዋ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ጉብታዋ ላይ ወጣች። ወረደች። “አልነካችም!” ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ሐይቁ ላይ ያለው እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እልል ያሉት ደግሞ ማን ናቸው? ከጎናቸው የተቀመጡት እትዬ ፈዲላ! ሣጥኑ ባዶውን ቀረ!

እስካሁን ያሳቅኋችሁ ይበቃል።

ጋሼ፣ ምስጋና ላነብልዎት ነው። እናቴ ከማረፏ በፊት ግሸንን መሳለም ፈልጋ እግሯ እንቢ ሲላት፣ እርስዎ ጋቢና አስቀምጠው መኪና እስከሚደርስበት ወሰዷት። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አዝዬ አወጣኋት። ስንመለስ በገልባጯ ጥላ ሥር ሰግደው ጨርሰው፣ ውሃ ቀድተው ሲጠብቁን አገኘን። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስምዎን በጸሎቷ ስታነሣ ነበር።

ሌላም አለ። ሥራ አስኪያጃችን ለጊዜው ጆሮዎን ይያዙልኝ። የበሩን የታርጋ መመዝገቢያ ደብተር ስምንት ዓመት የጻፍኩት እኔ አልነበርኩም። ቀን ቀን ታርጋውን በጭንቅላቴ እይዛለሁ፤ ማታ ጋሽ ኢስሃቅ ከሥራ ሲመለሱ ይጽፉልኛል። ለማንም ተናግረው አያውቁም። አንድ ቀን እስክሪብቶውን እጄ ላይ አስቀመጡና፣ “ከዛሬ ጀምሮ እጄን አሞኛል” አሉኝ። በማግስቱ መሪ ሲያዞሩ አየኋቸው፤ እጃቸው ምንም አልሆነም። እኔ ግን የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ።

እንግዲህ ብርዛችሁን አንሡ። ከፍ አድርጉ። ጋሼ፣ ሰባት ጊዜ የሚያስወጣ የሚያስገባው ጉልበትዎ አይድከም፤ አሚን በሉ! ከኋላዎ የቆመ ሁሉ ይታይዎት፤ አሚን! እትዬ ፈዲላን ከጎንዎ፣ አምባሰልን ከካሴትዎ አይለይብዎት፤ አሚን!

ቆይ፣ አትጠጡ! ብርጭቆው እንደተነሣ ይቆይ። አንዲት ገጽ ቀርታኛለች።

በዚህ ንግግር ውስጥ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ። መምህርት ሠርክአዲስ “ያልሆነውን ሰርዝ” ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን በመጨረሻ ራሴ እንዳርመው ብዬ ተውኩት። አሥራ አምስት ሴንቲ ያልኩት ውሸት ነው። ጉብታዋ አላበጠችም ነበር፤ ያበጥኩት እኔ ነኝ። ስለካ መሬቱ ላይ ያስቀመጥኩት የሜትሩን አንድ ቁጥር ነው፤ ክፍል ውስጥ መቁጠር የምንጀምረው ከአንድ ነዋ! ጉብታዋ አሥራ አራት ነበረች። እንጨቷን ስቆርጥ ግን የሜትሩ መንጠቆ የእንጨቷን ጫፍ ስለያዘ ሙሉ አሥራ አምስት ሆና ወጣች። መኪናዋም ያን ቀን ኮምቦልቻ ላይ ማለፍ ትችል ነበር። በእኔ አንድ ሴንቲ ምክንያት የሰው መንጃ ፈቃድ ሣጥን ሊገባ ነበር።

ያን ቅዳሜ፣ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት፣ ጋሽ ኢስሃቅ ጉብታዋ አጠገብ ተንበርክከው ሲለኩ በጥበቃ ቤቴ በር ስንጥቅ አየኋቸው። ቁራጯን አጠገቧ አቆሙ። ሜትሩን አዩ፣ ቁራጯን አዩ፣ የተዘጋውን የጥበቃ ቤቴን በር አዩ። “እንጨቷ ረዝማለች” ቢሉ፣ ማን ቆረጣት ይባላል። ስለዚህ ሜትሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ፣ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ፣ ሃያ ሰው ሰብስበውም ደህና ጉብታ አስቆፈሩ።

ጋሼ፣ እንዳየሁዎት አያውቁም ነበር። አሁን ይወቁ። ሰኞ ጠዋት ጉብታዋን መልሼ የምሠራት እኔው ነኝ፤ አሥራ አራት ሴንቲ፣ ከዜሮ ጀምሬ ለክቼ።

አሁን ጠጡ።