የአውቶቡስ ሾፌሩና የክሪስታል ድንጋይ ሰብሳቢው የአባታችን ዜና ሕይወት

ሥራችሁን ትታችሁ አባታችንን ለመሸኘት የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ ሕይወታቸውን ባጭሩ አነብላችኋለሁ። ባጭሩ ያልኩት፣ እሳቸው ስለ አንድ ድንጋይ ማውራት ከጀመሩ ስንት ሰዓት ያስቀምጧችሁ እንደነበር ስለማልረሳ ነው።

አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና ፊደል ሳይቆጥሩ፣ አባታቸው ለግንብ የሚሆን ድንጋይ ሲፈልጡ አንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ዙሪያውን እንደ ብርጭቆ የጠሩ ባለ ስድስት ጎን ሹል ድንጋዮች በቅለውበት ተገኘ። ግንበኛው «ይሄ ለምንም አይረባ» ብለው ወረወሩት፤ ልጃቸው ሮጠው አነሡት። ማንም ሳይቀርጸው ራሱ ጠርዝና ገጽ አውጥቶ ያደገ እንዲህ ያለ ድንጋይ ክሪስታል እንደሚባል ያወቁት አድገው ነው። እስከዚያው ድረስ ያገኙትን ሁሉ በኪሳቸው ይዘው ስለሚዞሩ፣ እናታቸው የደንበኛ ልብስ አስቀምጠው የልጃቸውን ኪስ ሲጠግኑ ይውሉ ነበር።

በትምህርታቸው አሥረኛ ክፍል ደርሰዋል። በጂኦግራፊ ጎበዝ ነበሩ፤ በቀረው ግን እሳቸው መምህራኑን አላስቸገሩም፣ መምህራኑም እሳቸውን አላስቸገሯቸውም።

ከዚያም መንጃ ፈቃድ አውጥተው አገር አቋራጭ አውቶቡስ መንዳት ጀመሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ድረስ አንድም ሰው ሳይጎዱ ሠርተዋል። ነገር ግን መንገድ ሠራተኞች ኮረብታ ቆርጠው ባለፉበት ቦታ ሁሉ ሞተራቸው ይሞቅ ነበር። መኪናውን ዳር አስይዘው «ትንሽ ይብረድለት» ይሉና፣ መዶሻቸውን ጃኬታቸው ውስጥ ሸጉጠው ከጉብታው ጀርባ ይሰወራሉ። ረዳታቸው ደግሞ ተሳፋሪውን «አትጨነቁ፣ ሞተሩ ድንጋይ አይቶ ነው» እያለ ያረጋጋል። የስምሪት ኃላፊው አቤቱታ ቢበዛባቸው አዲስ አውቶቡስ ሰጧቸው፤ እሱም እዚያው ቦታ ላይ ሞቀ። በመናኸሪያው «ሞተር ሞቀ» የሚል ስም የወጣላቸው ያኔ ነው፤ እዚህ ከቆማችሁት የሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል ሌላ ስም እንዳላቸው ዛሬ የሰማችሁ ትኖራላችሁ።

ከእናታችን ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። እናታችን በልብስ ንጽሕና መስጫ ይሠሩ ነበር፤ አንድ ቀን ተሳፍረው ሲሄዱ መጠበቁ ቢሰለቻቸው ወርደው ከጉብታው ጀርባ ሄዱ። ሾፌሩን ተንበርክከው ሲቆፍሩ አገኟቸውና «ሞተሩ እዚህ ነው እንዴ ያለው?» አሏቸው። አባታችን ያገኙትን ድንጋይ አንሥተው አሳዩአቸው። በዓመቱ ተጋቡ።

በተጋቡ በጥቂት ቀን ውስጥ እናታችን ባላቸውን ለማስደሰት ብለው፣ ከመደርደሪያው ላይ አቧራ የጠገበ ባለ አራት ማዕዘን ክሪስታል አንሥተው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ዘፈዘፉት። ክሪስታሉ ጨው ነበር። አባታችን ከሥራ ሲመለሱ ውኃ ብቻ የቀረበትን ሳፋ አዩ፤ እራታቸውን በልተው ሲጨርሱ «ሾርባ ብትሠሪበት ይሻል ነበር» አሉ። እናታችን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋዮቹን በጠላት ዓይን ማየት ጀመሩ።

ሁለት ልጆች፣ እኅቴንና እኔን፣ ወልደዋል። አንዳንድ ድንጋይ ፀሐይ ሲነካው ቀለሙ ስለሚለቅ የቤታችን መጋረጃ ተዘግቶ ይኖር ነበር፤ እናታችንም «በዚህ ቤት ፀሐይ የምትገባው ድንጋይ ሲፈቅድላት ነው» እያሉ አሳደጉን። ልጄም እዚያው ቤት እየተመላለሰች ስላደገች፣ አፏን የፈታችው «አትንኪ» በሚለው ቃል ነው።

አባታችን ከጡረታ በኋላ በኩላሊት ሕመም ተያዙ። መጀመሪያ የወጣላቸውን ጠጠር ከሐኪሙ ለምነው ተቀብለው፣ በአጉሊ መነጽር አገላብጠው ካዩት በኋላ «ለመደርደሪያ አይበቃም» ብለው መለሱለት። ሕመሙ እየጠና ሲሄድ ግን ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድንጋዮቹን ማን ይይዛቸዋል? እኅቴ ቤቴ ጠባብ ነው አለች። ባሏ ወገቡን ያዘ። እኔ ልጄ ገና ትድሃለች አልኩ፤ ያኔ ግን ትሮጥ ነበር። እናታችንን የጠየቀ የለም፤ መልሳቸውን የምናውቅ መስሎን ነበር።

በመጨረሻ አባታችን አንድ የሆቴል ባለቤት ድንጋዮቹን ለእንግዳ መቀበያው ጌጥ እንዲወስዳቸው ተስማምተው፣ ሰውየው ሊያይ መጣ። አባታችን በግድግዳው ማዶ ተኝተው ነበር። ሰውየው ከሁሉም የሚበልጠውን ድንጋይ ጫፍ ጫፉን ይዞ ብድግ አደረገው። እናታችን «ልጄ፣ ጫፉ ይሰበራል፤ ከሥሩ ያዘው» አሉት። «ድንጋይ አይደል እንዴ፣ እማማ?» ብሎ ሳቀ። «አንተም ሰው ነህ፤ በአፍንጫህ ይዞ የሚያነሣህ የለም» አሉና በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቦታው መለሱት። ሰውየውንም እስከ በር ሸኙት።

አባታችን ከአልጋቸው ጠርተውኝ «ሰማሃት?» አሉኝ። ሳል እስኪያፍናቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዮቹን ማን ይይዛቸዋል ብለው አልጠየቁም፤ ባለፈው እሑድ በቤታቸው፣ እጃቸው በእናታችን እጅ እንዳለ ዐረፉ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ አማቻቸውን፣ ምራታቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ይህን ስጽፍ ድንጋዮቹንም ከቤተሰቡ ጋር ልጥራቸው ወይ ብዬ እናታችንን ጠይቄ ነበር። «ዛሬ ሰው ጥራ። እነሱ የትም አይሄዱም» አሉኝ።

ፈጣሪ የሠራውን ሁሉ ጎንበስ ብለው ላዩለት ለእኒህ ሰው ነፍስ ዕረፍትን ይስጥልን።