ዊልበርን ሃስክ ጡጫውን እንዴት እንደ ፈታ

ዊልበርን ሃስክ የትራክተር ጎማ ሊያስጠግን ጋራዥ ጎራ ባለበት ቅዳሜ፣ ከኮሌጅ ተመልሶ የሳይንስ መምህር ከሆነው ከኮርዴል ፔቲስ ጋር ተገጣጠመ። በከተማው ትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ውስጥ፣ ከፊት መስመሩ ዳርና ዳር ቆመው ኳስ ወርዋሪውን የሚከልሉትን ልጆች የሚያሠለጥነው ዊልበርን ነው። በትናንቱ ጨዋታ ወርዋሪው ስድስት ጊዜ መሬት ላይ ተዘርሯል፤ ርዕሰ መምህሩም «በሚመጣው ዓርብ ይኸው ከተደገመ በር ላይ ቲኬት ትቆርጣለህ» ብለውታል።

«ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ሚስተር ሃስክ?»

«ጠይቅ። ከተማው ሁሉ ሲጠይቀኝ ነው ያደረው።»

«ልጆችዎ ለምንድን ነው ጡጫቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው በጭንቅላታቸው የሚወረወሩት?»

«እኔም እንደዚያ ነበር የምከልለው።»

«ወርዋሪውን ሊጥል የሚመጣው አጥቂ ዞር ሲልብዎትስ?»

«እወድቃለሁ። ግን በሕጉ መሠረት ነው የምወድቀው።»

«የትኛው ሕግ?»

«መዳፉን የዘረጋ ይቀጣል የሚለው ነዋ! የዛሬ ሠላሳ ዓመት ዘርግቼ ዳኛው ነፋብኝ፤ የድል ነጥባችን ተሰረዘ። ፀጉር አስተካካዩ ዛሬም ሲያየኝ ሊያሾፍብኝ እጁን ኪሱ ይከታል።»

«እሱ ሕግ እኮ ከተሻረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሌሎቹ ሲዘረጉ አላዩም?»

«አይቻለሁ። እኔ ላይ ብቻ የሚነፉ መስሎኝ ነው።»

ጥፋቱን ሳይነግረው የቀረ የከተማ ሰው የለም። የሕጉን መሻር ግን ማንም አልነገረውም።

«እስቲ ይምጡብኝ» አለ ኮርዴል።

ዊልበርን አንገቱን ቀብሮ ተወረወረ። ኮርዴል አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲልለት አሮጌ ጎማዎች መሃል ገባ።

«አዩ? የሚቸኩለው አጥቂው ነው፤ እርስዎን ምን አጣደፈዎት? ጉልበትዎን አጠፍ፣ ጀርባዎን ቀና አድርገው በዳር በኩል ባለው እግርዎ ወደ ኋላ ይሸራተቱ። ሲደርስ መዳፍዎን ደረቱ ላይ ያሳርፉ፤ ልብሱን ግን አይጨብጡ።»

«ወንድ ልጅ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?»

«መንገድ ለመዝጋት ከሆነ ይሄዳል።»

ኮርዴል በተራው መጣበት። ዊልበርን ሁለት ጊዜ ተሸራተተና ጣቶቹን እያመነታ ፈታ፤ ወጣቱ መምህር ደረቱ ላይ ባረፉት መዳፎች ተገትቶ ቆመ።

«አላለፍክም እኮ» አለ ዊልበርን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አላለፍኩም፣ ጌታዬ።»

ዊልበርን ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ልጆቹን ሲያለማምድ ሰነበተ። ዓርብ ዕለት ወርዋሪው አንድ ጊዜ ብቻ ወደቀ፤ እሱም የገዛ ጫማውን ክር ረግጦ ነው። የሚከልሉት ልጆች አንገታቸውን አላመማቸውም፤ ወርዋሪው ሩቅ ለማየት ጊዜ አገኘ፤ እናቱም የጨዋታ ልብሱን ጭቃ በአንድ እጥበት አስለቀቁ። ቲኬት የሚቆርጥ ሌላ ሰው ተፈለገ።

እንግዲህ የተሻረ ሕግ ይዞ ወደ ፊት የሚወረወር ሰው የሚጥለው ራሱን ብቻ አይደለም፤ እሱን አምኖ ከኋላው የቆመውንም ነው።